ፋስ እጅ ላይ ሳለ

እትዬ ብርቄ የዳቦ ቤታቸውን የጭስ ማውጫ ያስነቀሉ ዕለት የእኔም ሥራ አበቃ። ልጃቸው ከዐረብ አገር ስትመለስ ባመጣችው ገንዘብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተገዛ። ምድጃው ከመኪና ሲወርድ እኔም በአንድ በኩል ይዤ አስገብቼዋለሁ፤ ከባድ ነው። ሠራተኞቹ "አበባው፣ እንጀራህን የሚቀማህን አንተው ራስህ ተሸክመህ አስገባኸው" እያሉ ተሳሳቁብኝ። ብዙም አልከፋኝም። ቀኝ ትከሻዬ ፋስ ከጆሮ በላይ አላነሣም ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እትዬ ብርቄም አይተው እንዳላዩ ያልፉኝ ነበር እንጂ ያውቁ ነበር። ጡረታ የሚባል ወረቀት የለኝም፤ በቀን ሥራ የኖረ ሰው ጡረታው ትከሻው ሲደክም ነው።

ሰው እንጨት መፍለጥን የጉልበት ሥራ ያደርገዋል። ጉልበት ይፈልጋል፤ አልዋሽም። ነገር ግን በዚህ ሥራ ሲጎዱ ያየኋቸውን ሰዎች ሳስብ ደካማ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ከእኔ ይበረቱ ነበር። እኔ የእግሬ ጣቶች ሁሉ አሉ፤ ዓይኖቼም ያያሉ። ለዚህ ያበቃኝን ነገር ያስተማሩኝ ሰው ግን ግማሽ እግራቸውን አጥተዋል። ይህን ትዝታ መጻፍ የጀመርኩትም ስለ እኔ ብዬ ሳይሆን ስለ እሳቸው ነው።

አያ እንድሪስ ይባላሉ። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ እሳቸው የመንደሩ ፈላጭ ነበሩ። ሠርግ የደገሰ፣ ሐዘን የወደቀበት፣ ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። እኔ ያኔ አዲስ ጎጆ የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ከአባቴ የደረሰችኝ መሬት በሬ ማዞሪያ እንኳ የላትም እያልኩ አማርር ነበር። አያ እንድሪስ ለሁለት የሚሳብ መጋዝ ነበራቸውና ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ፈልገው ጠሩኝ። በዚያው ቀረሁ።

ፋስ ያስይዙኛል ብዬ ስጠብቅ መጥረጊያ ሰጡኝ። "የምትቆምበትን ጥረግ" አሉኝ። ስንጥር ላይ የቆመ እግር ይንሸራተታል። ከጠረግኩ በኋላ እሳቸው ፋሱን በተዘረጋ እጃቸው ይዘው በቆሙበት ቀስ ብለው ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ላይ አነሡት። ቅርንጫፍ ወይም የልብስ ገመድ ወይም የጣራ ጠርዝ ከነካ ቦታ ይቀይራሉ። ይህን "አጥሬን አጠርኩ" ይሉታል። ከዚያ አጥር ውስጥ ዶሮ እንኳ አያስገቡም። አንድ ቤት ስንሠራ አንድ አውራ ዶሮ እየተመላለሰ አላሠራ ቢላቸው ፋሱን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። የቤቱ እመቤት "ምነው አያ፣ ዶሮ ፈርተው ነው?" ብላ ሳቀች። "እሱማ መች ፈራ፤ እኔ ነኝ ለሁለታችን የምፈራው" አሏት። ዶሮው ካልታሰረ አልተነሡም።

የሚፈለጠው እንጨት የሚቆምበት ግንድ ከጉልበት በታች መሆን አለበት። ከፍ ያለ እንደሆነ ክንድ ያደክማል፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የሳተ ፋስ ወይ መሬት ወይ ቅልጥም ያገኛል። "ፋስ አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም፤ ሲስት የት እንደሚያርፍ አስቀድመህ አበጅለት" ይሉኝ ነበር። እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፣ ፋሱ ሲወርድ ጉልበትን አብሮ ማጠፍ፣ ጋቢና ነጠላን አውልቆ ራቅ አድርጎ መስቀል፤ ይህን ሁሉ በቃል ሳይሆን ሲሠሩ እያየሁ ለመድኩት። ጉልበቱ ታጥፎ የወረደ ፋስ ቢስት እንኳ ወደ ፊት ወርዶ ግንዱ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ግን ወደ ራሱ ይመለሳል።

እንጨትም እንደ ሰው ዐመል አለው። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ይሻላል፤ ከደረቀ በኋላ እልኸኛ ነው። ጥድ ሲደርቅ በቀላሉ እጁን ይሰጣል። ወይራን መሐሉን የመታ ሰው ፋሱን ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ እሱ ከጠርዙ እየተቀነሰ ነው የሚገባበት። እንጨቱን የሚሰነጥቅ የብረት ሽብልቅ ሲያስፈልግ በእንጨት መዶሻ እንጂ በፋስ ጀርባ አያስመቱኝም ነበር። ብረት ብረትን ሲመታ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ ዓይን ላይ ይገባል ይላሉ፤ ከጊዜ በኋላ አጅባር ላይ የአንድ ሰው ዓይን እንዲያ ሲጠፋ አይቻለሁ። ዛቢያውን፣ የፋሱን እጀታ ማለቴ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ከወይራ ይጠርባሉ፤ በተሰበረ ጠርሙስ ፍቀው ያለሰልሱታል። በማግስቱ ሥራ ካለ ፋሱ አናቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያድራል፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱን እንዲይዝ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ የባሰውን፣ በሰው ሁሉ የሚታሙበትን ልማዳቸውን ነው።

በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መንገደኛው "እግዜር ያበርታችሁ" ይላል፤ ሠራተኛው "አሜን፣ ያኑርልን" ይላል። እዚያ ላይ አያበቃም። ቤት ይጠየቃል፣ ልጅ ይጠየቃል፣ ከብት ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይወራል። እስላሙም ክርስቲያኑም የሌላውን ሰላምታ ያውቃል፤ ይሰጣል፤ ይቀበላል። አያ እንድሪስ ፋስ እጃቸው ላይ ሳለ ለማንም አይመልሱም። ቀና እንኳ አይሉም። የጀመሩትን ምት ይጨርሳሉ፤ ፋሱን ግንዱ ላይ ይተክላሉ፤ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመልሳሉ። "ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹስ? ከብቱስ?" ብዙ ጊዜ ሰውዬው አልፎ ሄዷል። ባዶ መንገድ ቆመው ደህንነት ሲጠይቁ ሳይ መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ዓይን ሰው ይከተላል። እጅ ዓይንን ይከተላል። ፋሱ ደግሞ እጅን። አሁን ገባህ?" አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ እሳቸው አደረግኩ። እኔ ግን ልጅ ስለሆንኩ "ባለጌ" ተባልኩ፤ እሳቸው "ኩሩው ፈላጭ" ተባሉ። ስድብም በዕድሜ ይከፈላል።

ከእሳቸው ተለይቼ በየቦታው ሠርቻለሁ። አቀስታ አንድ ማብሰያ ቤት ተቀጠርኩ። ብርዱ ሌላ ነው፤ ጧት ጧት መሬቱ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። የማብሰያ ቤቱ ኃላፊ ሰው ሁሉ ሲተኛ የሚነሣ፣ ሲነሣም የሚጮህ ሰው ነበር። ፋሴን ከምድጃው ጎን አስቀምጬ ብረቱ እስኪሞቅ ስጠብቅ ያየኝና "ፋስህ ቁርስ እየበላ ነው?" ይለኛል። ሌሊት በብርድ ያደረ ብረት ስለቱ እንደ ሸክላ እንደሚሸረፍ ነገርኩት፤ አላመነኝም። በራሱ ፋስ ሊያሳየኝ ሞከረና ስለቱ ተሸረፈ። ከዚያ በኋላም መጮሁን አልተወም፤ ፋሴ እስኪሞቅ ግን ሌላ ሰው ላይ ይጮህ ነበር።

አጅባር ደግሞ የአንድ ሆቴል ጓሮ ውስጥ ሠራሁ። ጓሮው ጠባብ ነው፤ በላዩ አንሶላ ይሰጣበታል። አጥሬን ለማጠር ስዞር ፋሱ ገመዱን እየነካ ገመዱ እንዲነሣ በየቀኑ እለምናለሁ፤ አልጋ አንጣፊዋ በየቀኑ ትሰጣለች። አንድ ቀን እሷ ሳለች ፋሱን ብቻ ቀስ አድርጌ አነሣሁና ገመዱን አስያዝኩት፤ አንሶላው ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ። እሷ ስቃ ስትጨርስ ገመዱን ወደ ሌላ ግድግዳ ወሰደችው። ክርክር ከሚያሸንፈው ሥራ ይልቅ ሳቅ የሚያሸንፈው ይበዛል።

ከዚያ እትዬ ብርቄ መካነ ሰላም ላይ ዳቦ ቤት ሲከፍቱ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቀን ቀን ዳቦ ቤት እፈልጣለሁ፤ መንደር ውስጥ ሐዘን ሲኖር ደግሞ ለቅሬው እፈልጣለሁ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ይቀብራል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። መንደራችን እስላምና ክርስቲያን አንድ ቅሬ ነው፤ ሬሳውን የየሃይማኖቱ ሰው ያሰናዳዋል፤ እንጨቱንና ውኃውን ግን የሁሉም እጅ ያመጣዋል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጫጫረው ሰው የለውም። ቢሞት ሚስቱ ብቻዋን ከሬሳው ጋር ትቀመጣለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ቅጣት እኛ ዘንድ የለም።

የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ሞላ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህንን ከአሁኑ ልናገር። ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ በቅሎ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሰላምታ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ልጅ እንኳ ሳይሳለም ካለፈ ጠርተው መልሰው ያሳልሙታል።

አንድ የሐዘን ቤት አያ እንድሪስ ከግቢው ጥግ አጥራቸውን አጥረው ሲፈልጡ ጋሽ ሞላ ከከላላ የመጡ ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። "እግዜር ያጥናችሁ! እንዴት ዋላችሁ!" አሉ። ግቢው ብድግ አለ። እኛ ሌሎቹ ፈላጮችም ፋሳችንን አኑረን አርፈን ነበርና ተነሣን። አያ እንድሪስ ጀርባቸው ወደ በሩ ነበር፤ ምታቸውን ጨረሱ፤ ፋሱን ተከሉ፤ መዳፋቸውን ጠረጉ፤ ዞሩ፤ መመለስ ጀመሩ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ገብተዋል። አንዱ እንግዳ ሲገባ "ይህ ሰው ደንቆሮ ነው?" ሲል ሰምቻለሁ። ጋሽ ሞላም ሰምተዋል።

ቅሬው ተሰበሰበ። ጋሽ ሞላ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ "አያ እንድሪስ፣ እንግዳ ፊት አዋረዱኝ" አሉ።

"እኔ ሰው አላዋረድኩም። ፋሱን አኑሬ መለስኩ፤ እርስዎ ገብተው ነበር።"

"ሰላምታኮ የእግዜር ነው፤ ቆይ አይባልም" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ልክ ነህ። ስለዚህ እኮ ነው በግማሽ ልብ የማልመልሰው" አሉ አያ እንድሪስ።

የገንዘብ ቅጣት ቆረጡባቸው፤ እዚያው ከፈሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሽ ሞላ ግን "ከእንግዲህ ሰላም ሲሉኝ እንደ ሰው ወዲያው እመልሳለሁ ይበሉን" አሉ። አያ እንድሪስ "ፋሱን ካኖርኩ በኋላ እመልሳለሁ" አሉ። ሦስተኛ አማራጭ ማንም አላመጣም። ቃሉን እስኪሰጡ ከቅሬ ይውጡ ተባለ። ሲወጡ በመንገዳቸው ላይ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በማግስቱ ድሮ ያልሰማናቸው ስሞች ሁሉ ወጡላቸው።

የአያ እንድሪስ ሚስት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ይወስዳሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም ዐረብ አገር ነው ያለችው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ አያ እንድሪስ አዲስ ዛቢያ በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቁ፣ እትዬ ዘሀራ ከአልጋቸው ሆነው ሲናገሩ ደረስኩ።

"ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ይህ ልጅም ያውቃል" አሉ ወደ እኔ እያሳዩ። "ማን ይሸከመኝ? ልጅህ ገንዘብ ትልካለች። በስልክ ሬሳ አይሸከሙም።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉ አያ እንድሪስ።

"አብሽሪ አትበለኝ! አብሽሪ ቀባሪ አይሆንም። ሰውን ሰላም በል፣ እኔ ልቀበር። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።"

አያ እንድሪስ ዛቢያውን መፋቅ አልተዉም። ፍቅፋቂው እግራቸው ሥር ተከመረ። "እሺ" አሉ። እትዬ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። እኔ ዛቢያውን ተቀብዬ አየሁት፤ ጥሩ ዛቢያ ነበር።

ቃላቸውን ሰጡ፤ ቅሬው ተቀበላቸው። ጋሽ ሞላ ከልባቸው ነው የተደሰቱት፤ ተነሥተው አቀፏቸው። መንደሩም ሰፋ ያለ ልብ ያለው ሆኖ ዋለ። እኔ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር፤ ግን መንደሩ ሁሉ በተደሰተበት በዚያ ቀን እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የመጣው ሐዘን የአንድ የመንደራችን አዛውንት ነበር። ለንፍሮው የመጣው እንጨት አሮጌ ወይራ፣ ጉጥ የበዛበት። አያ እንድሪስ ጠረጉ፤ አጠሩ፤ ከጠርዙ እየቀነሱ ጀመሩ። እኔ ፍልጡን ወደ እሳቱ አመላልሳለሁ። ጋሽ ሞላ በበሩ ገቡ። ግቢውን ተሳለሙና ዕርቁ እንዲታይ ፈልገው፣ ከፍቅርም ነው፣ ከሩቅ አልቆሙም፤ ወደ ጥጉ መጡ። ፋሱ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። "አያ እንድሪስ! አሰላሙ አለይኩም!" አሉ በሙሉ ድምፃቸው።

አያ እንድሪስ ቃል የሰጡ ሰው ናቸው። ቀና አሉ። "ወአለይ" አሉ፤ ፋሱ ወረደ፤ ጉጡን መታ፤ ተንሸራተተ። ጉልበታቸውን አላጠፉም ነበር፤ ቀና ብሎ ሰው የሚያይ ሰው ጉልበቱ አይታጠፍም። ግራ እግራቸው ላይ ከጣቶቹ ሥር ገባ።

ቁጭ አሉና እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ነጠላ የቀደደው፣ እግሩን ጥብቅ አድርጎ ያሰረው እኔ ነኝ። ባጃጅ መንደሩ ድረስ አትገባም፤ መንገዱ በክረምቱ ተቆርጦ ነበር። ጋሽ ሞላ በቅሏቸውን አመጡ። ከተማው ሆስፒታል እስክንደርስ ሉጓሙን ይዘው በጭቃ በእግራቸው ሄዱ፤ የታጠበው ነጠላቸው ደምና ጭቃ ሆነ። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አልለየሁትም።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ጣቶቹና የፊተኛው የእግራቸው ክፍል አልተረፉም። አያ እንድሪስ ከሆስፒታል ሲወጡ ፋሳቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ዛቢያ መጥረብ ያዙ። ከአጅባርም ከአቀስታም ሰው እየመጣ ይገዛቸዋል። ማንንም ሲወቅሱ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ "ሲስት የት እንደሚያርፍ አስቀድሜ አላበጀሁለትም" አሉ፤ ስለ ፋሱ ነው።

ጋሽ ሞላ ግን ተለወጡ። ልጅ ሳይሳለም ሲያልፍ መጥራት ተዉ። አያ እንድሪስ ደጅ ሲቀመጡ በዚያ መንገድ ካለፉ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሰላም አይሉም። መጀመሪያ ሰው ኩርፊያ መሰለው። ኩርፊያ አልነበረም። የሰጡት የመጨረሻ ሰላምታ ምን እንዳደረገ ስላዩ ሌላ ለመስጠት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። አያ እንድሪስም ይህን ያውቃሉ፤ ቀድሞ መሳለም ግን የትንሹ ነውና፣ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ስለነበሩ ይጠብቁ ነበር። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ይህ እኔን ከእግራቸው ይልቅ ያሳዝነኝ ነበር።

ስብሰባ የጠራ፣ ደንብ ያወጣ ሰው የለም። ከዚያ ሐዘን ቤት በኋላ ግን የመንደራችን ሰው የፋስ ድምፅ ከግቢ ሲሰማ በር ላይ መቆም ጀመረ። ዝም ብሎ ይቆማል። ድምፁ ሲቆም፣ ፋሱ ግንድ ላይ ሲተከል፣ ያኔ ገብቶ ይሳለማል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ "ምን እየጠበቃችሁ ነው?" ካለ "ፋስ እጅ ላይ ነው" ይሉታል። ልጆቻችን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ነው የሚመስላቸው።

እትዬ ዘሀራ ዘንድሮ፣ እኔ ዳቦ ቤቱን ለቅቄ ብዙም ሳልቆይ ሞቱ። ልጃቸው በስልክ እያለቀሰች ነበር፤ መምጣት አልቻለችም። የቅሬው ሰው ግን አንድም አልቀረም። ተሸከሟቸው፤ ቀበሯቸው። አያ እንድሪስ እያነከሱ እስከ መቃብሩ ሄደው ተመለሱ፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። እትዬ ዘሀራ የለመኑት ተፈጽሟል፤ የአያ እንድሪስ ፊት ግን ባዶ ነበር።

ለንፍሮው እንጨት ያስፈልግ ነበር። ጎልማሶች አልጠፉም፤ እኔ ግን ፋሱን ለማንም አልሰጠሁም። ጠረግኩ፤ አጠርኩ። ትከሻዬ ከፍ አድርጌ ላነሣ ስለማይፈቅድልኝ በሽብልቅና በግማሽ ምት እየቀነስኩ ነበር የምሠራው፤ ሥራው ዘገየ። ቀና ሳልል በሩ ላይ ሰው እየተጠራቀመ መሆኑ ይሰማኛል። ካፊያ ጀመረ። ከፊት የቆሙት ጋሽ ሞላ መሆናቸውን ያወቅኩት በምርኩዛቸው ድምፅ ነው፤ አርጅተዋል። ሽማግሌ በካፊያ እየተመታ በር ላይ ሲቆም ይሉኝታ ይይዛል። እጄ ቸኮለ።

"አበባው" አሉ አያ እንድሪስ ከበርጩማቸው። "አትቸኩል።"

አልቸኮልኩም። ግንዱን ጨረስኩ። ፋሱን ተከልኩ። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ወደ በሩ ዞርኩ።

ጋሽ ሞላ ገቡ። ከአያ እንድሪስ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አንገታቸውን እንደ ልማዳቸው ደፍተው ነበር፤ ዝም ብለው የሚያልፉ መሰለኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "አያ እንድሪስ፣ አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

አያ እንድሪስ በርጩማውን ተደግፈው ተነሡ። በግማሽ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ" አሉ፤ አንዲትም ሳያስቀሩ። "ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹስ? ከብቱስ?" ትንፋሽ ወሰዱ። "በቅሎዋስ ደህና ናት?"

ጋሽ ሞላ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ከሞተች ቆየች እኮ፣ አያ።"

"አላህ ይተካልዎ" አሉ አያ እንድሪስ። "ደግ በቅሎ ነበረች። ሳላመሰግንዎ ቀረሁ።"